በጋሩማ ማሳ መሃል ያለች ቁራጭ

መሸሻን የሰደበው መምህር ኢቢሳ ነው፤ ቀኑም በ1979 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ ማክሰኞ፣ ከእረፍት በኋላ። ስድስተኛ ክፍል ነበር። መምህሩ ካርታ ሰቅሎ «ሌሶቶ የት ናት?» ቢለው፣ «ደቡብ አፍሪካ ውጣታለች» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አንተ ድንጋይ ራስ! የተከበበ ሁሉ ተዋጠ ማለት ነው?»

መሸሻ በዓመቱ ትምህርቱን ተወ። ስድቧን ግን አልተዋትም፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት እንደ ጥርስ ሕመም ሲያስታምማት ኖረ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ መሬት ለካዪዋ ፌኔት ወደ ባኬ ጃማ ጅረት ዳር መጣች። የመሸሻ ቤትና ጓሮ ከጅረቱ ወዲህ ነው። አባቱ ከጎጃም በመጣ ጊዜ የጎረቤቱ የጋሩማ አባት የሰጠው የቡና ቁራጭ ግን ከጅረቱ ማዶ ነች፤ ዙሪያዋን የጋሩማ ጤፍ ከቧታል።

ፌኔት የጋሩማን ድንበር ዞራ ጨረሰችና «መሃል ያለውስ የማነው?» አለች።

ድንበር ሊመሰክሩ ከተጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ ያው ኢቢሳ ነበር፤ ዛሬ ጡረተኛ ነው።

«የሰው መሬት ቤቱ ያለበት ነው። ጋሩማ መሃል ያለ የጋሩማ ነው፤ ጻፊው ልጄ።»

ነገሩ ለመሸሻ ገባው፤ ዛሬ ካርታ ላይ በስሙ ካልሰፈረች ነገ የሱ አይደለችም። ይሄኔ ያቺ ስድብ ራሷ መጣችለት።

«የተከበበ ሁሉ ተዋጠ ማለት ነው እንዴ፣ መምህር?»

ሽማግሌው ዓይኑን አጠበበ፤ መሸሻ ግን ቀጠለ።

«ለጋሩማ በመሬቱ መሃል የተቀመጠች የሰው መሬት ናት፤ ለእኔ ደግሞ ከጓሮዬ ተነጥላ ማዶ የቀረች የራሴ። ቁራጯ አንድ ናት። ስሟን የሚለየው የት ቆመው እንዳዩዋት ነው።»

ፌኔት ወደ ጋሩማ ዞረች። ጋሩማ ድንበር ሲያሳይ የቆየው እንደ አባቶቹ እርጥብ ሣር ጨብጦ ነው፤ ያንን ይዞ መዋሸት ደግሞ ነውር ነው።

«ኤዬ፣ እውነት ነው፤ አባቴ የሰጠው ነው» አለ ሣሩን እያየ። «እኔማ ዝም ልል ነበር፤ ይሄ ሣር አስቸገረኝ እንጂ።»

ሁሉም ሳቁ፤ መሸሻም ሳቀ። ፌኔት በጋሩማ ካርታ መሃል ቁራጯን ከልላ «መሸሻ» ብላ ጻፈች፤ መግቢያ መንገዷንም በነጠብጣብ ሳበችው።

መምህር ኢቢሳ በትሩን ተደግፎ «ጀባዱ፣ በርታ መሸሻ!» አለ። «ይኸው ስድስተኛ ክፍልን አለፍክ። ለመሆኑ ይህን ያስተማረህ ማነው?»

መሸሻ ሠላሳ ሰባት ዓመት ያሰናዳው መልስ ነበረው። ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ቡናው ግን ከጤፉ ባሻገር ለለቀማ ቀልቶ ይታየዋል። ባርኔጣውን አስተካክሎ ዞረና በጤፉ መሃል፣ ፌኔት ነጠብጣብ በሳበችለት መንገድ፣ ወደ ቁራጩ ሄደ።