የባላንጣ ሚዛን

ራጂያ ልጇ ፋሪዳ ከሥራ መታገዷን የሰማችው ሰኞ ቡሬ ገበያ በርበሬ እየሸጠች ነው። ፋሪዳ ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ዘጋቢ ናት። ከቡሬ ወጣ ያለች መንደር የውኃ ጉድጓዷ ከተበላሸ ስድስት ወር እንደሆነው ብትዘግብ፣ «ንቁ ጆሮ» የሚባል ቡድን «ጉድጓዱ ደህና ነው፤ ልጅቷ ውሸታም ናት» ብሎ ከነፎቶዋ ቴሌግራም ላይ ለጠፋት። ቡድኑ ራሱን የሚዲያ ታዛቢ ይበል እንጂ የሚታዘበው የማይወዳቸውን ጣቢያዎች ብቻ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ግን ፈራና «እስከ ዓርብ ማስረጃ ካላመጣሽ እናሰናብትሻለን» አላት።

ራጂያ የመዘነችውን መልሳ እስክትመዝን ድረስ ተጨነቀች። በማግስቱ ለልጇ ሳትነግር ወደ «የእውነት ዘብ» ቢሮ ሄደች። ይህኛውም ታዛቢ ነኝ ባይ ነው፤ የ«ንቁ ጆሮ» ደመኛ። አድማሴ የሚባል ወጣት ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«አይዞዎት እናቴ፣ ልጅዎን ነጻ እናወጣታለን። ስለ ልጅዎ የምናወጣው ደብዳቤ ተዘጋጅቷል፤ እዚህች ጋ አሻራዎን ብቻ ያሳርፉ» አለና የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተ።

«አነበዋለሁ» አለች ራጂያ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው።

«ረጅም ነው እኮ።»

«ምን ቸገረኝ? ገበያዬን ዘግቼ ነው የመጣሁ።»

ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። አድማሴ ስልኩን ነካካ፣ አዛጋ፣ ሻይ አዘዘላት፤ ሻዩም ቀዘቀዘ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ። «እጅጉ የተባለው ጋዜጠኛ በገንዘብ ተገዝቶ ሐሰት ይነዛል» ይላል።

«እጅጉ ማነው?»

«ንቁ ጆሮዎች የሚያሞግሱት ጣቢያ ዘጋቢ።»

«ምን ዋሸ?»

«እሱ አይደለም ቁም ነገሩ። እነሱ የኛን ሲመቱ እኛም የነሱን እንመታለን። እሾህን በእሾህ ነው እናቴ!»

«እሾህ በእሾህ የሚነቀል ለመዳን ነው፣ ልጄ። እናንተ ከኔ ልጅ እግር ነቅላችሁ ከሌላ እናት ልጅ እግር ልትሰኩት ነው» አለችና ወረቀቱን መለሰችለት።

መንገድ ላይ ከራሷ ጋር ተሟገተች። የልጄን እንጀራ በገዛ እጄ ደፋሁት ይሆን? ወደ ገበያ ስትመለስ ግን በርበሬ ተራ የለመዱት ነገር ትዝ አላት። ገዢ ሚዛን ከተጠራጠረ በርበሬውን ተሸክሞ ከሻጩ ጋር ከተኳረፈ ነጋዴ ዘንድ ወስዶ ያስመዝናል፤ ወዳጅማ ያዳላል። ራጂያ የእጅጉን ጣቢያ ስልክ ከሬዲዮ ሰምታ ጻፈችና ደወለች።

«የፋሪዳ እናት ነኝ። ልጄ ዋሽታለች ተብላለች። እርስዎ የተቀናቃኝ ጣቢያ ሰው ነዎት አሉ፤ ስለዚህ ጉድጓዱን ሄደው ይዩልኝ።»

እጅጉ ሳቀ። «ዋሽታ ባገኛትስ፣ እናቴ?»

«ያገኙትን ይናገሩ» አለች።

እጅጉ ሐሙስ ሄደ። ጉድጓዱ በእርግጥ ተበላሽቷል፤ ሴቶቹ ከወንዝ ይቀዳሉ። የተበላሸው ግን ከአራት ወር በፊት ነው፣ ስድስት አይሞላም። እጅጉ ሁለቱንም ሳይሸሽግ ዘገበ። የፋሪዳ ኃላፊም እሱን ከሰማ በኋላ እገዳውን አነሳ።

ዓርብ ፋሪዳ ሬዲዮ ላይ ቀረበች። «ስድስት ወር ያልኩት አራት ወር ነው። ስህተቱ የኔ ነው» አለች። ገበያ ሆና የምትሰማው ራጂያ አንገቷን ደፋች። በርበሬ የምትመርጠው ደንበኛዋ እታለም ቀና አለች።

«ምነው አቀረቀርሽ? ስህተቷን በገዛ አፏ የምትናገር ዘጋቢ ከየት ይገኛል? ከእንግዲህ እኔ የምሰማ እሷን ነው!»

ሁለቱ ታዛቢ ቡድኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ «ፋሪዳና እጅጉ ተመሳጥረዋል» ብለው በአንድ ቀን ጻፉ። ገበያው ሳቀባቸው።

ከሰዓት ፋሪዳ ደወለች። «እማ፣ ሰኞ ሊበን ከተማ ለዘገባ ልሄድ ነው። እጅጉም ይመጣል። እኔ የጻፍሁትን እሱ፣ እሱ የጻፈውን እኔ ሳናይ አናወጣም ተባብለናል።»

«ያ አላህ፣ መንገዱስ?»

«ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ነው፣ እማ።»

«እንግዲያ ለሁለታችሁም የሚበቃ ቆሎ እቆላለሁ። ስትደርሺ ደውዪ፤ እሱም ለእናቱ ይደውል።»