የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

ትልቅ አንሶላ ብቻውን የቆመ ሰው አያጥፈውም። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ጫፍና ጫፉን ይይዛሉ፣ ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ አንዱ ወደ ሌላው ይራመዳል። ተኳርፋችሁም ቢሆን መራመድ ነው፤ አንሶላው ኩርፊያ አያውቅም። እኔና ጋሼ ቀጥ በየቀኑ እየተጨቃጨቅን በየቀኑ አፍንጫ ለአፍንጫ የምንገናኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የምንሠራው የሆቴልና የሆስፒታል ጨርቅ በሚታጠብበት ላውንደሪ ውስጥ ነው። ጋሼ ቀጥ ያልናቸው አንሶላ በያዙ ቁጥር «ቀጥ! ቀጥ አድርጊው!» ስለሚሉ ነው። በወጣትነታቸው ቡጢኛ ነበሩ። አሁን ደግሞ የአንዲት ልጃቸው የቡጢ ጉዳይ በሙሉ በእጃቸው ነው። ግጥሚያ የሚዋዋሉት፣ ቀን የሚቆርጡት፣ እምቢ የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ልጅቷ የሴቶች ሻምፒዮን ናት።

የእኔ ታናሽ እህት ደግሞ ያንን የሻምፒዮን ቀበቶ ለመንጠቅ ተራዋን የምትጠብቅ ተፋላሚ ናት። ሚስማር ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ግን አንዴ ከገባች አትነቀልም። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ እህቴ ከምላት ልጄ ብላት ይቀለኛል። በውድድሩ ደንብ መሠረት የዕድሜ ገደቧ የሚያበቃው ዘንድሮ ነው። ዘንድሮ ካልገጠመች የልፋቷ ሁሉ መጨረሻ ቁጭት ነው።

ሻምፒዮኗ ግን አትገጥምም። አንዴ እጇን ወለም አላት ተባለ። አንዴ ቀኑ ቀረበ፣ ሌላ ጊዜ አዳራሹ ጠበበ ተባለ። መልሱን የሚያመጡልኝ ጋሼ ቀጥ ናቸው፤ ያውም አንሶላ ወጥረው፣ ዓይኔን ሳያዩ።

«ሻምፒዮን የተባለ ሁሉ ሯጭ ነው» ይላል ሾፌራችን፣ የቆሸሸውን ጥቅል ከመኪናው ላይ እያራገፈ። «ቀበቶው ወገቡ ላይ ከገባ በኋላ ማንን ይመርጣል? ወይ ጉልበቱ የከዳው ሽማግሌ፣ ወይ ትናንት ጓንት የገዛ ልጅ! ጠንካራ ሰው ሲመጣበት ወገቡን ያመዋል።»

«አንተም ሚስትህ ስትቆጣ ወገብህን ነው የሚያምህ» ይላሉ ጋሼ ቀጥ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። «ስማ፣ ቀበቶ በሎተሪ አይወጣም። ጥርስ ረግፎ ነው የሚገኘው። ታዲያ ያን ያህል የከፈለች ልጅ ለመጣ ለሄደው ሁሉ በሯን መክፈት አለባት? ሁሉም በተራው ነው።»

«ተራው መቼ ነው የሚደርሰው ጋሼ?» እላለሁ እኔ። «እህቴ ጡረታ ስትወጣ?»

«ቀጥ አድርጊው!»

«የእኔ ጫፍ ቀጥ ብሏል። እርስዎ ልጅዎን ቀጥ ያድርጉ!»

እንዲህ ብዬ ስናገራቸው ግን ጠልቻቸው አይደለም። ሁለት ዓመት ሆነው፣ የእህቴ አሰልጣኝ ታሞ በተኛ ጊዜ፣ ብቻዋን ከረጢት ስትደበድብ አሳዝናኝ ጋሼን ለምኛቸው ነበር። ሳያቅማሙ አብረውኝ ሄዱ። ያንን አሰልጣኞች በእጃቸው የሚያጠልቁትን ቡጢ መቀበያ ትራስ ይዘው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አለማመዱልኝ። ለልጁ ባላንጣ ይህን የሚያደርግ ሰው ከየት ይገኛል? በማግስቱ አንሶላ የያዙት ባንድ እጃቸው ነበር። «ትከሻዬን ብርድ መትቶኝ ነው» አሉኝ። አሳዘኑኝና ቅባት ገዝቼ ሰጠኋቸው።

አንድ ጠዋት እኔና ጋሼ አንሶላ ወጥረን እንደቆምን ሻምፒዮኗ ብቅ አለች። አባቷ መነጽራቸውን ረስተው ወጥተው ኖሮ ልታደርስላቸው ነው። በፎቶ እንጂ በአካል አይቻት አላውቅም። ግዙፍና ኩሩ ነገር ጠብቄ ነበር፤ የመጣችው ግን እያንዳንዳችንን አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም የምትል ትሁት ልጅ ናት። በግድ ወደድኳት፤ ይህም ይበልጥ አናደደኝ።

ሾፌሩ አፉን መያዝ አልቻለም።

«ሻምፒዮን፣ አንድ ነገር ብጠይቅሽ ትቆጪኛለሽ?»

«ጠይቅ።»

«ሚስማርን ለምንድነው የምትሸሺያት?»

ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። «እኔ? ኧረ እሷን ጠይቁልኝ! ስንት ጊዜ እንግጠም ብለን ላክንባት፣ እምቢ ያለችው እሷ። አይደለም እንዴ አባዬ?»

በጋሼ ቀጥ በኩል ያለው የአንሶላው ጫፍ ረገበ። አብሬያቸው ስሠራ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የእሳቸው ጫፍ ሲረግብ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ሚስማር እህቴ ናት!» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ በር በሩን እያየች ነው የኖረችው። እምቢ ያለችው መቼ ነው? ለማን?»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። «አባዬ?»

«ያን ዕለት ትራሱን ይዤላት ነበር» አሉ ጋሼ፣ መሬት መሬት እያዩ። «በዘመኔ ስንቱን ቡጢ ቀምሻለሁ። እንደዚያች ልጅ ግራ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ትራሱን አልፎ ትከሻዬ ውስጥ ገባ። ቤት ስገባ አንቺ እራት ታቀርቢያለሽ። ፊትሽን አየሁት። ያ ግራ እዚህ ፊት ላይ ሲያርፍ ታሰበኝ። አንድ ነሽ፤ ሌላ የለኝም።»

ብርድ የመታው ትከሻ ትዝ አለኝ። ቅባቱም ትዝ አለኝ! ልሰድባቸው አፌን ከፈትኩ። በንዴት ፋንታ እንባዬ መጣ፤ ለእህቴ ይሁን ለእሳቸው ለራሴም አልገባኝም።

ሻምፒዮኗ አልጮኸችም። «ሰው ሁሉ ፈሪ ሲለኝ ወሬ ነው፣ ተዪው አልከኝ» አለች። «ከዚያ ይልቅ በቡጢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር አባዬ።» አንሶላውን ከእጃቸው ወሰደችና ወጠረችው። ከዚያ እንደ ሥራው ደንብ ወደኔ ተራምዳ ጫፉን ከጫፌ ጋር ገጠመችው። ትንፋሿ ይሰማኛል። «ለእህትሽ ንገሪያት። ቀኑን እሷ ትቁረጥ፣ አዳራሹንም እሷ ትምረጥ። እኔ እመጣለሁ።» ወደ ሾፌሩም ዞር አለች። «አንተም ትመጣለህ። የፊት ወንበር ላይ።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መቀመጫ ያጣው ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። የላውንደሪው ሠራተኛ በሙሉ አንድ ረድፍ ይዘናል። ጋሼ ቀጥ ከልጃቸው ማዕዘን ሥር ቆመዋል፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፤ ፊታቸው ከፎጣው ይነጣል።

የእህቴን ግራ የፈሩት ጋሼ ስለ ልጃቸው ቀኝ ምንም አልነገሩኝም ነበር። በሁለተኛው ዙር ያ ቀኝ መጣና ሚስማሬን በጉልበቷ አስቀመጣት። ዳኛው ጣቱን እያነሳ ሲቆጥር የአንገት ልብሴን ጫፍ ነክሼ ነበር፤ ኋላ ሳየው ተበስቷል። ተነሳች! ዓይኗ አብጦ፣ አፍንጫዋ እየደማ ተነሳችና ፈገግ አለች፤ በልጅነቷ ከዛፍ ላይ ወድቃ ስትነሳ እንደምታደርገው። ከዚያ በኋላ ማን ሸሸ? ማንም። ሁለቱም ቀለበቱ መሐል ላይ እግራቸውን ተክለው፣ አንዷ አንድ ስትልክ ሌላዋ ሁለት እየመለሰች፣ ዙር በዙር ላይ አለፈ። በመጨረሻው ዙር የእህቴ ግራ የጋሼን ትከሻ ያገኘውን ያህል የልጃቸውን አገጭ አገኘው። ሻምፒዮኗ ተንገዳገደች፤ ገመዱን ይዛ ቆመች እንጂ አልወደቀችም። ደወሉ ተደወለ።

በነጥብ የእህቴ እጅ ተነሳ። ቆሜ ጮህኩ፤ ወንበር ላይ ወጥቼ ጮህኩ፤ የማላውቀውን ሰው አንገት አንቄ ሳምኩ። ልጄ! የእኔ ልጅ! አዳራሹ ግን አልተቀመጠም፤ ለተሸነፈችውም እንደገና ያጨበጭብ ጀመር። ከሁሉ በላይ የሚያጨበጭበው ያ ሻምፒዮን ሁሉ ሯጭ ነው ባዩ ሾፌራችን ነበር፤ ድምፁ ተዘግቶ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጋሼ ቀጥ ወደ ቀለበቱ ወጥተው የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። ባበጠ ከንፈሯ ስትስቅ አየኋት፣ የምትለውንም ሰማሁ። «አየህ አባዬ፣ አልሞትኩም።»

ሰኞ ቀበቶውን በትራስ ልብስ ጠቅልዬ ላውንደሪው ይዤው ገባሁ። ሁሉም ወገቡ ላይ እያሰረ ተንጎራደደ። ሾፌሩ ቦርጩ አላስገባ ብሎት አንገቱ ላይ አጠለቀው። ጋሼ ቀጥ መጨረሻ ላይ ቀረብ አሉና በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «ውኃ እንዳይነካው። በደረቅ ጨርቅ ነው የሚወለወል» አሉኝ። ከዚያ አንሶላ አነሱ። «ጫፉን ያዢ።»

ወጠርነው።

«ልጄ የመልስ ግጥሚያ ጠይቃለች» አሉ። «ዓመቱ ሳያልቅ ይሁን፣ ለእህትሽ አድርስልኝ ብላለች።»

እህቴን ቤት ትቻት የመጣሁት አንድ ዓይኗ ተዘግቶ፣ ሾርባ በቱቦ እየመጠጠች ነው። ያ ቀኝ ታየኝ። ጥቂት ወራት ባዘገየው የዕድሜ ገደቧ ይደርሳል፤ እህቴም ቀበቶዋን እንደታጠቀች፣ ሳትሸነፍ፣ ሳትደማ ትወጣለች። ማን ያውቅብኛል? መልእክቱ ያለው በእኔ እጅ ነው። ምላሴ ሳላዘው ተነሳ።

«እጇን እኮ ትንሽ ወለም...»

በእኔ በኩል ያለው ጫፍ ረግቦ ወለሉን ሊነካ ደርሷል። ጋሼ ቀጥ «ቀጥ!» አላሉም። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ከአንሶላው ማዶ ቆመው ጠበቁኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አንሶላውን በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት።

«ትምጣ!» አልኩ። «ዛሬውኑ እነግራታለሁ። ቃል በቃል። ኧረ ቀጥ ያድርጉት እንጂ ጋሼ!»

ጋሼ ጫፋቸውን ከፍ አድርገው እየሳቁ ወደኔ ተራመዱ።