እናቱን በድንች የሸጠው ሬክተር

ቀን ቀን አይብ እሸጣለሁ፣ ማታ ማታ ሕግ እማራለሁ፣ በወር አንዴ ደግሞ የዩኒቨርሲቲያችን ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጬ ከዶክተሮች ጋር እከራከራለሁ። ሦስቱንም የምሠራው በአንድ ቀሚስ ነው። አንዳንዶቹ ፕሮፌሰሮች አይብ አይብ እሸታቸዋለሁ መሰል፣ አጠገቤ ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው። ግድ የለኝም፤ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ።

ምክር ቤታችን ስድስት መምህራንና ስድስት ተማሪዎች አሉት። ድምፅ እኩል ለእኩል ከሆነ ሬክተሩ፣ የሁላችን የበላይ፣ ይለያል። ይህን እኩልነት ማንም በስጦታ አልሰጠንም፤ የእኔ አባት ትውልድ አደባባይ ላይ ተደብድቦ ያገኘው ነው። የማታ ክፍል ተማሪዎች የመረጡኝ አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። ድምፄ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚሰማ ነው።

የማታ ክፍል ማለት እኛ ነን፤ ሻጮች፣ ሹፌሮች፣ የማዕድን ሠራተኛ ሚስቶች፣ ቀን እንጀራ ፍለጋ የሚውል ሁሉ። አንድ ዓመት ነበር የቀረኝ። ከዚያ በኋላ የገበያው ሴቶች ከማዘጋጃ ቤት ጋር ሲጣሉ ጠበቃ ፍለጋ አይንከራተቱም፤ ፕሪሚቲቫ ኮንዶሪ ብለው አይቡ ዘንድ ይመጣሉ። ለዚህ ነበር እኩለ ሌሊት የምተኛው።

ታዲያ በነሐሴ ወር ሰሌዳው ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ምክር ቤቱ ስለ ሰዓት ማስተካከያ ይወያያል» ይላል። ሰዓት ማስተካከያ! ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እኔ አባል ስለሆንኩ ዝርዝሩ ደረሰኝ፤ ማስተካከያው የማታውን ክፍል ጨርሶ መዝጋት ነበር። ምክንያቱ ደግሞ የማታ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን ስም ዝቅ አድርጓል የሚል ነው። ዋሽተዋል እንዳልል፣ ሰዓት እውነትም ይስተካከላል፤ ማታ የሚባል ሰዓት ይጠፋል።

ዶክተር ፍሮይላን ቾኬ ሬክተር ከመሆኑ በፊት የምክር ቤቱ ስብሰባ በዩኒቨርሲቲው ራዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ሴቶቹ ሽንኩርት እየመዘኑ ያዳምጡናል፣ በማግስቱ «ትናንት ያ ቀጭኑ ፕሮፌሰር አፍሽን አስያዘሽ አይደል?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እሱ መጣና ማይክሮፎኑን አስወጣ። ሄጄ ብጠይቀው ደንቡን አነበበልኝ፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በሩ አይዘጋም ይላል እንጂ በራዲዮ ይሰማ አይልም አለኝ። እንደ ሕግ ተማሪነትዎ ሊኮሩብኝ ይገባል ብሎ ፈገግ አለ። የዚያን ዕለት በንዴት ያልበላኝ ቦታ የለም።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ነገሩን ለካሲሚራ ነገርኳት። ካሲሚራ የልጄ የክርስትና እናት ናት፣ ከእኔ ጎን በቆሎ ትሸጣለች። ሰምታ ስትጨርስ፣ የድንቹ መኪና ከላይ ሲደርስ እኛ ከታች ዋጋውን የምናውቀው በማን ራዲዮ ነው? ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው። ገበያችን ዳገት ላይ ነው፤ ከላይ የተቆረጠው ዋጋ ከአንዷ አፍ ወደ አንዷ አፍ እየተንከባለለ ከመኪናው ቀድሞ ታች ይደርሳል። እቅፍ አድርጌ ሳምኳት።

ሬክተሩ ትልቁ አዳራሽ ቀለም እየተቀባ ነው በሚል ስብሰባውን ትንሿ ክፍል ውስጥ አደረገው። የሕዝቡን ጥቂት ወንበሮች የእሱ ቢሮ ሠራተኞች ከማለዳው ይዘዋቸዋል። ሕዝብ ተገኝቷል ማለት ነው፤ በሩም እንደ ደንቡ ክፍት ነው። ካሲሚራ በሩ ላይ ቆመች። ከእሷ ቀጥሎ ደረጃው ላይ የዓሣ ሻጯ፣ ከዚያ የኮፍያ ሻጯ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰልፉ ግቢውን አቋርጦ ራዲዮ ጣቢያው መስኮት ሥር ደረሰ። መስኮቱ ላይ አስተዋዋቂው ግሮቨር ማይክሮፎኑን ይዞ አንገቱን አስግጓል። በእኛ መስኮት ሥር ደግሞ የማታ ተማሪ የሆኑ ሹፌሮች ሚኒባሶቻቸውን ደርድረው ራዲዮናቸውን እስከ መጨረሻው ከፍተዋል።

ሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «የማታው ክፍል ለዩኒቨርሲቲያችን ሸክም ሆኗል» አለ።

ካሲሚራ ዞር ብላ አቀበለች። በስፓኒሽ የተነገረው በገበያው ቋንቋ በኬችዋ እየተተረጎመ፣ በሚያስነጥሱና በሚያኝኩ አፎች እያለፈ ወረደ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ጥቂት ቆይቶ የግሮቨር ድምፅ ከሚኒባሶቹ ሁሉ ተነሣ። በደረጃው በኩል እንደደረሰን ከሆነ፣ ሬክተሩ የማታ ተማሪዎች ትምህርቱን ትተው ሸክም ይሸከሙ ብለዋል አለ። የገበያው ተሸካሚዎች ከታች ጮሁ። ግማሾቹ የማታ ተማሪዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ሸክም ስድብ መሆኑን ያን ጊዜ ገና መስማታቸው ነው።

የሬክተሩ ፊት ተለዋወጠ። ግን ብልጥ ሰው ነው፤ ነገሩን ላለዝብ ብሎ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረ፣ ድምፁንም አለሰለሰ።

«እኔ ራሴ የገበያ ልጅ ነኝ። እናቴ ድንች ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። ክፍሉን የምንዘጋው ስለናቅነው አይደለም።»

ይህንንም ካሲሚራ በደንብ አቀበለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ቃል አልጣለችም። ከዚያ በታች ያለውን እግዜር ይወቀው። ግሮቨር እንደገና መጣ። ወረቀት የሚያነብ ይመስል በዝግታ፣ በደረጃው በኩል እንደደረሰን ከሆነ ሬክተሩ እናታቸውን በድንች ሸጠው እንደተማሩ ተናግረዋል፣ ክፍሉንም የሚዘጉት ስለናቁት ነው አለ።

ከተማው በሙሉ የሳቀ መሰለኝ። ከፕሮፌሰሮቹ ሁለቱ ፊታቸውን በወረቀት ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን አልሳቅኩም። አንድ ዓመት የቀረው ሰው አይስቅም፤ ሬክተሩን አፍጥጬ አየዋለሁ።

«ዶኛ ፕሪሚቲቫ፣ ይህን ነገር ያስቁሙ» አለኝ፤ ዶኛ ማለት ወይዘሮ ነው፣ አክብሮኛል።

«ምኑን? በሩ አይዘጋም ብለው ደንቡን ያነበቡልኝ እርስዎ ነዎት። ኮሪደር ላይ ቆሞ ማውራት የትኛው አንቀጽ ላይ ነው የተከለከለው?»

«ያልተናገርኩትን እኮ ነው የሚያወሩት!»

«እንግዲያው የተናገሩትን እንዲሰሙ ማይክሮፎኑን ያስገቡት።»

መልስ ሊሰጠኝ አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ። የደዋዩን ስም ሲያይ ላብ ግንባሩ ላይ ተንቆረቆረ። አነሣው፣ ዞር ብሎም ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ግን ክፍሉ ትንሽ ነው፣ የመረጠውም እሱ ራሱ ነው።

«እማ... ኧረ አልሸጥኩሽም» ሲል ሁላችንም ሰማን።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የሌላ ሰው አፍ ወለምታ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። ሬክተሩ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ማንም ሳያስገድደው፣ በራሱ አንደበት፣ ማይክሮፎኑን አምጡልኝ አለ። ግሮቨር ገመዱን እየጎተተ በዚያው ደረጃ ሮጦ መጣ፤ ሴቶቹም እያጨበጨቡ አሳለፉት። ማይክሮፎኑ ጠረጴዛችን ላይ ሲቀመጥ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወገቤን የታጠቅኩት ለእሱ ነበርና አላፈርኩም።

ሬክተሩ ለውድ አድማጮች እናቱን እንዳልሸጠ አስረዳ። በሬክተርነት ዘመኑ ይህን ያህል ግልጽ ንግግር አድርጎ አያውቅም። እንደጨረሰ ካሲሚራ ከበሩ ሆና የማታው ክፍልስ? አለችው። እሱም ስለ ጥራት፣ ስለ ስምና ዝና መናገር ጀመረ። እየተናገረ ሳለ ግሮቨር ይዞት የመጣውን የጣቢያውን ተንቀሳቃሽ ስልክ ከፍ አድርጎ አሳየው። ዶኛ ኤንካርና፣ እናቱ፣ መስመር ላይ ናቸው፤ ላስገባቸው ወይስ ልዝጋባቸው? ብሎ ጠየቀው። ጥያቄው በራዲዮ ወጥቷል። የትኛው ልጅ ነው በከተማው ፊት በእናቱ ላይ ስልክ የሚዘጋ?

የአሮጊቷ ድምፅ ቀጭን ነበር፣ ግን ከሚኒባሶቹ ሁሉ ሲወጣ ግቢውን ሞላው። ልጃቸውን ይቆጡታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም።

«ፍሮይላን፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ቀን ቀን ድንቹን ከእኔ ጋር ትሸከም ነበር፣ እስክንዘጋ ድረስ። ታዲያ አንተ የተማርከው በስንት ሰዓት ነው ልጄ?»

ሬክተሩ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ።

«ማታ» አለ።

«ጮክ በል፣ ጆሮዬ ደክሟል።»

«ማታ፣ እማ። እዚሁ፣ ማታ ነው የተማርኩት።»

እኔ አላውቅም ነበር። ማንኛችንም አናውቅም። ዶክትሬቱን የሠራበትን አገር ሁሉም ያውቃል፤ መጀመሪያ የተማረበትን የማታ ክፍል ግን ደብቆታል። በዚያች ደቂቃ ጠላሁት፣ አዘንኩለትም፤ ሁለቱም እውነት ነው። ግን ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነውና ተነሣሁ። ድምፅ በእጅ ማውጣት ቀርቶ እያንዳንዱ አባል ስሙ ተጠርቶ በማይክሮፎኑ ይናገር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የሚቃወም ካለ እሱም በማይክሮፎኑ ይቃወም አልኩ። የተቃወመ አልነበረምና ስም መጥራት ተጀመረ።

ከተማሪዎቹ ሁለቱ የቀን ተማሪዎች ከሬክተሩ ጋር ተስማምተው ነበር፤ የኳስ ሜዳ ቃል ተገብቶላቸዋል። አንደኛው ተራው ሲደርስ ወደ መስኮቱ አየ። እናቱ ከታች ሾርባ ትሸጣለች። «ይቀጥል» አለ፤ ጓደኛውም ተከተለው። እኔ «ይቀጥል» ስል ድምፄ ያለማይክሮፎን ገበያው ድረስ ሳይደርስ አልቀረም። ስድስቱ ፕሮፌሰሮች ግን ጸኑ፤ አንድ ባንድ «ይዘጋ» አሉ። የሚሰማቸው የገበያ እናት የላቸውማ። ስድስት ለስድስት ሆነ።

ሁሉም ወደ ሬክተሩ ዞረ። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋው፣ መልሶ አራቀው። እጄን ጭኔ ላይ ጨምቄ፣ ይህ ሰው አሁን ትምህርቴን ሊሰጠኝ ወይም ሊነሣኝ ነው፣ እናቱም እየሰሙ ነው አልኩ በልቤ።

«የማታው ክፍል ይቀጥላል» አለ። ቀጥሎም፣ ማንም ያልጠየቀውን፣ «ይህም ማይክሮፎን ከዚህ ጠረጴዛ አይነሣም» አለ።

ከታች የተነሣው ጩኸት መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ሴቶቹ ለድል ቀን የሚበተነውን ባለቀለም ወረቀት በቦርሳቸው ይዘው መጥተው ኖሯል፤ እንሸነፋለን ብሎ ያሰበ አልነበረም ማለት ነው። በሩ ክፍት ስለነበር ገቡ። በእኔ ራስ ላይ፣ በተማሪዎቹ ራስ ላይ፣ በሬክተሩም ራስ ላይ በተኑት። እሱም ለማራገፍ ፈርቶ ይሁን ወዶ፣ ዝም ብሎ ቆመላቸው። ካሲሚራ ጉንጩን ሳመችው፤ አሁን ገና የገበያ ልጅ ሆንክ አለችው።

ማታ ዐሥራ ሁለት ተኩል ሲል ትምህርት ነበረን። ክፍሉ እንደዚያን ዕለት ሞልቶ አያውቅም፤ ሹፌሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፣ የሁላችንም ፀጉር ላይ ቀይና ሰማያዊ ወረቀት አለ። መምህራችን ገባ። ከጥቂት ሰዓታት በፊት በማይክሮፎኑ «ይዘጋ» ካሉት ስድስቱ አንዱ ነው። ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ መጽሐፉን ገለጠ፣ ጥቂት አገላበጠው።

«የት ላይ ነበር ያቆምነው?» አለ።

ገጹን ነገርኩት።