የፌሌቲ መተንፈሻ

«አምጪው። ከአልጋ ልብሱ ጋር አብሮ ይቃጠላል» አለ ማናሴ።

ሌሲዬሊ ከምድጃው ጉድጓድ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የጎደሬ ቅጠል ታጥባለች። አባቷ የሞተባት ሴት ቦታዋ ጭሱ ውስጥ ነው። ለሐዘን ወገቧ ላይ ያሰረችው አሮጌ ምንጣፍ ጫፉ ተበጣጥሶ መሬት ይጠርጋል። ቀና ብላ አጎቷን አየችው።

«ምኑን ነው፣ አባባ ማናሴ?»

«እንደማታውቂ ትሆኛለሽ? ያንን መተንፈሻ ነዋ! ወንድሜን የጨረሰውን!»

ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች እጃቸውን አቆሙ፤ ጆሯቸውን ግን ማን ያቁመው። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በመንደራችን የሚንሾካሾኩት ይህንኑ ነው። ፋብሪካው ራሱ «ጉድለት አለበት፣ መልሱልኝ» ያለውን ማሽን ሴት ልጁ ፈታታ ገጠመችለት፣ ሰውዬውም በእሷ ጥገና ሞተ ይላሉ። እኔ የልቅሶ ቤት ወሬ የሚያስጠላኝ ለዚህ ነው። አፍ ምግብ ጎርሶ እንኳ አይዘጋም።

«አልሰጥም» አለች ሌሲዬሊ።

«ምን አልሽ?»

«ለአክስቴ ልጅ ለሴይኒ ያስፈልጋታል። አልሰጥም።»

ማናሴ ለወንድሙ ቀብር ባሕር ተሻግሮ ከኦክላንድ ወደ ደሴታችን መምጣቱ ነው። ማሽኑንም ከዓመታት በፊት ከዚያው ገዝቶ፣ ያገለገለ ቢሆንም ደህና ነው ብሎ በመርከብ የላከው እሱ ነበር። ንዴቱ ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም። ማድቤት ገብቶ ማሽኑ የተቀመጠበትን ቅርጫት ገለበጠና ቱቦውን ይዞ ሲጎትት ማሽኑ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ክዳኑ ተሰነጠቀ፣ ቱቦውም ተቀደደ። ሌሲዬሊ ተከትላው ዘላ ገብታ የማሽኑን ሳጥን አቀፈችው። ማናሴ ከወንድሙ ልጅ ጋር መታገሉ አሳፈረው መሰለኝ፣ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ልቅሶው ሲያበቃ፣ ፀጉርሽ የሚቆረጥ ቀን እሳቱ ይነዳል» አለ። «ያን ጊዜ የልቅሶው የበላይ በሆነችው በፋሁዋ ፊት ትሰጪኛለሽ።»

ሟቹ ፌሌቲ፣ የሌሲዬሊ አባት፣ የቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር መሪ ነበር። ድምፁ ወፍራም፣ ሳቁም ከድምፁ የባሰ። እንቅልፉ ግን እንቅልፍ አልነበረም። እንደተኛ ትንፋሹ ቆም ይልና ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ከባሕር እንደወጣ ሰው አየሩን ይጎትታል። ቀን ቀን ታዲያ ይደክመዋል። አንድ ፋሲካ መዝሙሩ መሃል እጁን እንዳነሳ አንቀላፋና፣ እኛም ምልክቱን እየጠበቅን አንዷን ድምፅ ይዘን ቀረን። ሴቶቹ ፊታቸው ደም እስኪመስል ጮኹ። በመጨረሻ ፓስተሩ አስሎ ገላገለን።

ማሽኑ ሲመጣ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ፊቱ ላይ በሚታሰር ጭምብል አየር በቱቦ እየነፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይጠብቀዋል፤ ፌሌቲም ጠግቦ ተኝቶ ይነሳል። ከዚያ ማናሴ ደወለ። ማሽኑ ውስጥ ያለው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ሳንባ ይገባል፣ ፋብሪካው አቁሙ ብሏል፣ ምትክ ይልካሉ አለ። ለኦክላንዶቹ ምትኩ ደረሰ። ለእኛ ማን ያስታውሰን? ፌሌቲ ማሽኑን አቁሞ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣ አንድ ቀን መኪና እየነዳ እንቅልፍ ወሰደውና የዳቦ ፍሬ ዛፍ ገጨ። ትከሻው ተሰብሮ ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አልነሳም አለ።

ሌሲዬሊ በደሴታችን ወደብ በኔያፉ የጀልባ ሞተር ትጠግናለች። አባቷ ከሐኪም ቤት በወጣ ዕለት ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ ልክፈተው?»

«ብታበላሺውስ?»

«አሁንስ ምን ደህና ነገር አለው?»

ስፖንጁ ጠቁሮ ጣት ላይ ይጣበቅ ነበር። በማንኪያ ፋቀችው፤ ቀዳዳውን ሁሉ አጠበች፣ ነፋስ ላይ አደረቀች፣ መልሳ ገጠመች። ለካ ስፖንጁ ድምፅ ማፈኛ ኖሯል፤ ማሽኑ ከዚያ ወዲያ እንደ ጀልባ ሞተር ያጓራ ጀመር። ፌሌቲ በማግስቱ ዓይኑ በርቶ ተነሳና፣ «ልጄ፣ ይሄ እንቅልፍ አይደለም እኮ፣ ፊጂ ደርሼ መጣሁ!» አላት። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲያጓራ በሰማን ቁጥር «ፌሌቲ ፊጂ ሄደ» እንል ነበር።

ሌሲዬሊ ግን ጭምብሉን በአባቷ ራስ ላይ አስራ አታውቅም። እኛ ዘንድ ልጅ የአባቱን ራስ አይነካም፤ ይህ የሚያከራክር ነገር አይደለም። ፌሌቲ በማይነሳ እጁ ብቻውን ማሰር አይችልም፣ እናቷም ስለሞተች ያ ሥራ የሴይኒ ነበር። ሴይኒ የፌሌቲ እህት ልጅ ናት፣ ግቢያቸውም አንድ ነው። የእህት ልጅ ከአጎቷ በላይ ስለሆነች ራሱን ብትነካ፣ ከሳህኑ ብታነሳ ማን ይናገራታል? ልቅሶው ላይም ፋሁ ሆና ከሁላችን በላይ የተቀመጠችው ለዚሁ ነው። ፋሁዋ ያለችው አለቀ ነው፤ ፓስተሩም አይመልሰውም።

ታዲያ ይህቺ ሁሉ የሚያከብራት ሴይኒ፣ እንግዳ ንግግር ሲያደርግ ምንጣፍ ክምር ላይ እንደተቀመጠች ታንኮራፋለች። ትንፋሿ ቆም ይላል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ትጎትተዋለች። የአጎቷ ጉሮሮ ነው። እንግዶቹ መሬት መሬት ያያሉ።

አንድ ረፋድ ሴይኒ በጓሮ በኩል ማድቤት ብቅ አለች። ሌሲዬሊ የተቀደደውን ቱቦ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ እየጠገነች ነበር።

«ሰው ፊት አንኮራፋሁ አይደል?»

«ማንኮራፋት ብቻ? ጣሪያውን ሊነቅሉት ነበር።»

«እርስዎ አትበይኝ፣ ጨጓራዬን አትላጪው።»

«ፋሁ ነዎት። ምን ልበል?»

ሴይኒ አልሳቀችም። ሳጥኑን አየችና ፊቷን አዞረች።

«ለማናሴ ስጪው፣ ሌሲ። እኔ በእሱ ጭምብል አልተነፍስም።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንደሩ በልቶ ጋደም ያለበት ሰዓት። ፌሌቲ ሴይኒን ሳይጠብቅ ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሌሲዬሊ ትንፋሹ ሲቆም ከጓዳ ሰማች። ትጠብቃለች፣ አይመለስም። ማሽኑን አበራች፣ ጭምብሉን አነሳች፣ እግሩን ነቀነቀች፣ «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ከንፈሩ ጠቆረ። ጭምብሉን ይዛ በራስጌው ቆመች፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ሴይኒን ልትጠራ በግቢው ሮጠች። ሴይኒም ተኝታለች፣ እንደ ድንጋይ፣ የሷም ትንፋሽ አንዴ ሄድ አንዴ መጣ እያለ። ቀስቅሳት ተያይዘው ሲደርሱ ፌሌቲ ሄዷል።

«ስትጠሪኝ አልሰማሁም» አለች ሴይኒ። እንባዋ መጣ። «እሱ ሲሞት እኔ አንኮራፋ ነበር።»

«አንቺም እየሞትሽ ነበር እኮ።» ሌሲዬሊ እርስዎውን ረሳችው። «ማናሴ ማሽኑ ገደለው ይላል። ማሽኑማ ይሠራ ነበር፣ ሴይኒ! እጄ ላይ እየነፋ ነበር! ሴቶቹ ስለ ጥገናው ያሙኛል፣ ራሱን ስላልነካሁት ግን የአባቷን ክብር ጠበቀች ብለው ያመሰግኑኛል። እየሰማሁ ጎደሬ እልጣለሁ።»

ሌሲዬሊ አፍንጫዋን በክንዷ ጠርጋ ላስቲኩን አነሳች።

«የጭምብሉ ማሰሪያ ይጠብሻል። ራስሽ ከእሱ ይተልቃል።»

«አሁን ደግሞ ስድብ ጀመርሽ?» አለች ሴይኒና ወጣች። እሺም እንቢም አላለችም።

ሌሲዬሊ ሥራዋን አልተወችም። የተሰነጠቀውን ክዳን ከውጭ በኩል በጀልባ ማጣበቂያ አጣበቀችና ሽታው እስኪለቅ ነፋስ ላይ አቆየችው። ከቀሚሷ የወገብ ላስቲክ አውጥታ በማሰሪያው ላይ ቀጠለችበት። የራሷን ቀሚስ በገመድ አሰረች።

የልቅሶው የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ቤቱ ሞልቷል፣ ግቢው ውስጥ እሳቱ ይነዳል፣ ማናሴ የወንድሙን አልጋ ልብስ ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። የሟች ልጅ ፀጉር በፋሁዋ እጅ ነው የሚቆረጠው፤ ሌሲዬሊ ፀጉሯን ፈታ ሴይኒ እግር ሥር ተቀመጠች። ፓስተሩ ጸሎት ጀመረ። መቀሱ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ሊዞር ሲል ቆመ።

ሴይኒ አንቀላፍታለች። አንዴ አንኮራፋች። ከዚያ ዝም።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ፓስተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሌሲዬሊ ጀርባዋን ሰጥታ ትንፋሹን ጠበቀች። አልመጣም። አሁንም ጠበቀች። ተነሳች፤ በአንድ ጎን ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ፣ በሌላው ጆሮዋ ጋ። ማድቤት ሮጣ ማሽኑን አምጥታ ገመዱን ሰካች።

«ራሷን እንዳትነኪ!» ማናሴ ጮኸ። «ፋሁ ናት!»

«አንዴ ሰምቻችኋለሁ፣ አባባ» አለች ሌሲዬሊ።

ጭምብሉን ሴይኒ ፊት ላይ አደረገች። ጣቶቿን ፀጉሯ ውስጥ አስገብታ ማሰሪያውን በራሷ ዙሪያ አሳለፈችና ቆለፈችው። ማሽኑ አጓራ። ያንን ድምፅ የማያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። አንዲት አሮጊት «ፌሌቲ!» ብላ አፏን ያዘች፤ እኔም እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

የሴይኒ ደረት ተነሳ። ወረደ። እንደገና ተነሳ። ዓይኗን ገለጠች፤ ራሷ ላይ ያለውን እጅ፣ ከዚያ የእጁን ባለቤት አየች። ጸሎቱ ቆሟል። ሁላችንም ከአፏ የሚወጣውን እንጠብቃለን፣ ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለማ።

«ግራው ላልቷል» አለች ከጭምብሉ ሥር።

ሌሲዬሊ ግራውን አጠበቀችው።

ማናሴ አልጋ ልብሱን ይዞ ብቻውን ወደ እሳቱ ሄደ። ሴይኒ መቀሱን ከጭኗ ላይ አነሳች፤ ጭምብሉን ሳታወልቅ የሌሲዬሊን ራስ ቀስ አድርጋ ወደ ጉልበቷ ሳበችና የቀረውን ፀጉር መቁረጥ ጀመረች።