የአያ ባዬ ጉልበት

«አንቺ ሴት፣ ይኼ ወጥ ዝንጅብሉ በዛ ልበል ወይስ መድኃኒቴን ነው የምበላው?» አሉ አያ ባዬ፣ የጎረሱትን በግድ ውጠው።

ሚስታቸው ባንቺአየሁ ቀና አላለችም። «የወጥ ዘይት መስሎኝ» አለች።

«እኔ ጉልበቴን እሺልኝ ብል አንቺ አንጀቴን ታሺልኛለሽ?» ሳቁ። «ደግነቱ የሰሊጥ ነው፤ ጾም አያስገድፍም።»

እሷም አብራ ሳቀች። ዘንግታ ያደረገችው መስሏቸው መቅረቱ በጃት። ዘንግታ ግን አልነበረም። የሚታሹበትን የዘይት ቅል ከመደቡ ሥር አውጥታ፣ አሽትታ፣ እያወቀች ነው እስከ ጠብታዋ ሽሮው ላይ የደፋችው። አያ ባዬ መዳን የፈለጉት ክንዱ የሚባል ጫካ የገባ አርበኛ ልጃቸውን ሄደው ለማየት ነው። ክንዱ ደግሞ ሞቷል። እሷ ታውቃለች፤ እሳቸው አያውቁም።

ወሬውን ያመጣላት ያው ዘይቱን ያመጣው ሀምዱ ነው፣ የጅጋው ጨው ነጋዴ። ጣሊያን ሳይገባ በፊት ቡሬ ላይ ሱቅ ለነበረው አንድ ህንድ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ህንዱ አዩርቬዳ የሚሉትን የአገሩን ሕክምና አሳይቶታል፤ የሰሊጥ ዘይት ከዝንጅብልና ከእርድ ጋር በቀስታ ያፈላል፣ ለብ ሲል ከወገብ ጀምሮ ጅማት ጅማቱን ይዞ ወደ ታች ያሻል፣ ጉልበቱን በጉሎ ቅጠል ያስራል። ከአያ ባዬ ወገብ ተነስቶ እስከ ተረከዛቸው እንደ ፍም የሚወርደውን ሕመም ያበረደላቸው ይኸው ነው። ታዲያ አንድ ቀን ጅጋ ገበያ ጨው እየሰፈረላት ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «እቴ ባንቺአየሁ፣ ቡሬ ምሽጉ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ክንዱ ወድቋል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጓደኞቹ ቀብረውታል» አላት። ጨውዋን ተሸክማ ቤቷ ገባች።

የነፍስ አባታቸው መምሬ ደረሰ መርዶው አይነገር አሉ። ከወንዝ ማዶ አንድ ቤት ለአርበኛ ልጁ ቢያለቅስ፣ ከወጀት፣ ከዛሬው ፍኖተ ሰላም፣ የመጣ ባንዳ ለቅሶውን ሰምቶ በማግስቱ ቤቱን ከነጎተራው አቃጥሎታል። «ጣሊያን ከቡሬ እስኪነቅል በሆድሽ ያዥው። ባዬ ከሰማ ጦሩን ይዞ ነው የሚወጣ» አሏት። ያዘችው።

አንድ ቀን ብቻ አለቀሰች፤ አሮጊቷ ወለተ ሥላሴ ሲሞቱ። በድንበር ነገር ዕድሜ ልካቸውን የተካሰሱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ባንቺአየሁ ግን የሟች ልጆች እስኪደነግጡ ድረስ ደረቷን መታች። መንደሩ መቼም አፉ አያርፍም፤ «ለካ ትወዳቸው ኖሯል፤ ለመናገር እስኪሞቱ ነው የጠበቀች» ተባለ። እሷም ይባል ብላ ተወችው።

ዘይቱ ወጥ ሆኖ ከተበላ በኋላ አያ ባዬ ወደ ሀምዱ ላኩበት፤ ሌላ ቅል ይዞ መጣ። ዘይቱን ፍም ላይ አሙቆ፣ በእጁ አንጓ ሙቀቱን ለክቶ፣ ጎንበስ አለና ማሸት ጀመረ።

«ቀኟን ዘርጋ ያድርጓት፣ አያ ባዬ።»

«ቀስ በል አንተ። ኃጢአቴን የምናገረው ለመምሬ ነው፤ ላንተ አይደለም።»

«አጥንትዎ ደህና ነው። ጅማቱ ነው የተቋጠረ፤ ይኸው እየተፈታ ነው።»

አስሮ ሲጨርስ ባንቺአየሁ ወደ ደጅ ጠራችው። «ለምን ታድንብኛለህ?» አለችው። «ቢድኑ የት ሊሄዱ ነው?»

ሀምዱ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እቴ፣ ሲያቃስቱ የምታድሪው አንቺ ነሽ። እንዳሉ ይሰቃዩ ልበል?»

«አዎ በል» አለች። ወዲያው አፈረች። «እኔ እንጃ፣ ሀምዱ።»

ሲመለሱ አያ ባዬ ቆመዋል። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቤቱን ይዞራሉ። ባንቺአየሁ ለክንዱ የፈተለችውን ጋቢ ከቆጥ አውርደው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውታል።

«በሊበን በኩል ነው አሉ ያለ» አሉ። «ነገ ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ። ልጁ ብርድ ላይ ነው።»

«ጉልበትዎ ገና ነው።»

«ጉልበቴማ ልቅደምህ እያለኝ ነው።»

«ጾሙ እንኳ ይውጣ።»

«ልጅ ለማየት ጾም ምን ያግደኛል? አንቺ ሴት፣ ልጅሽ አይደለም ወይ? የምትልኪበት አንድ ቃል እንኳ የለሽም?»

ባንቺአየሁ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ ለበሰችው።

አያ ባዬ ነጠላዋን አዩ። ወደ ሀምዱ ዞሩ፤ ሀምዱ መሬት መሬቱን ያያል። አፋቸው ሲከፈት ባንቺአየሁ ፈጥና መዳፏን ጫነችበት። መዳፏ ውስጥ ነው የጮኹት። እስኪበቃቸው ድረስ ይዛቸው ቆመች፤ እሷም ከንፈሯን ነክሳ።

ከዚያ ጋቢውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጣጠሙ አጠፉት፤ ጭናቸው ላይ አድርገው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ባንቺአየሁ እግራቸው ሥር ተቀምጣ የጉሎ ቅጠሉን ማሰሪያ ታጠብቃለች፤ ግን አልላላም ነበር።

«አያ ባዬ» አለ ሀምዱ፣ «ጉልበትዎስ... አሁን ያምዎታል?»

«እሱስ ድኗል» አሉ።