የድንበር ድንጋይ ሽበት

ነጅመዲን ሳልህ ሥራው ምን እንደሆነ ተጠይቆ፣ እውነቱን ተናግሮ፣ የታመነበት ቀን የለም። "የድንጋይ ሽበት እለቅማለሁ" ሲል ሰው ሁሉ ይስቃል። እሱ ግን በቀልድ የሚታማ ሰው አልነበረም፤ ከዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ክፍል ደመወዝ የሚበላው ለዚሁ ነው። ድንጋይና ዛፍ ላይ ተለጥፎ የሚያድገውን፣ ገበሬው ሽበት፣ መጽሐፉ ሊከን የሚለውን ነገር ከየቦታው በመሮ እየፋቀ፣ በካኪ ወረቀት እየጠቀለለ፣ ዓይነት በዓይነት እየለየ በአገሪቱ ምን ምን እንዳለ ይመዘግባል። ሥራውን ያስጀመሩት ፈረንጅ መምህር አብዮቱ ሲፈነዳ ሻንጣቸውን ይዘው ሲሄዱ አንድ የመለያ መጽሐፍና አንድ ማጉያ መነጽር ትተውለት ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው ለፈረንጅ አገር ድንጋይ ነው፤ የእንጦጦ ድንጋይ ደግሞ መጽሐፍ አላነበበም። ስለዚህ በነጅመዲን መዝገብ ውስጥ ከተሰበሰበው ግማሽ ያህሉ በስም ፈንታ ቁጥር ብቻ ነበረው።

ባልደረቦቹ "የሚመስለውን ስም ጻፍበትና ተገላገል እንጂ!" ይሉታል። እሱ በዚህ በኩል ድርቅ ያለ ነው። "መምሰልና መሆን ምን አገናኛቸው?" ይልና ስም በሚገባበት ቦታ "አልታወቀም" ብሎ ይጽፋል። ከዚህ ግትርነቱ የተነሣ ሁለት ጊዜ እድገት አልፎታል፤ አልተጸጸተም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከላምበረት በላይ ካለው ቤቱ ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣል። አንዳንዴ እስከ እንጦጦ ራጉኤል ዘልቆ፣ ካህናቱን አስፈቅዶ፣ የመቃብር ድንጋዮች ላይ የበቀለውን ሽበት በማስመሪያ ይለካል። መቃብር ላይ ዓመተ ምሕረት ተቀርጾ ስለሚገኝ ሽበት በዓመት ስንት እንደሚያድግ የሚታወቀው ከዚያ ነው። የሚያድገው ደግሞ የገብስ ቅንጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም።

መጀመሪያ የመጣ ሰሞን ገበሬው ወርቅ ፈላጊ ነው፣ ሰላይ ነው፣ ደጋሚ ነው እያለ ሲሸሸው፣ በረዶ ሲወርድበት ጠርተው ያስጠለሉት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ኃይለ መስቀልና ሚስቱ በለጡ። ልጅ የላቸውም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ደጃቸውን ሳይረግጥ አልፎ አያውቅም። በለጡ እሱ በሚመጣበት ቀን ቤት ውስጥ ሥጋ ከተሠራ፣ በሌላ ድስት ሽሮ ለይታ ታቆይለታለች። ስለዚህም ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

"ለመሆኑ ይሄ ሽበት የምትለው ምንድን ነው?" አለችው አንድ ቀን።

"ሁለት ፍጥረት ነው እማማ። አንደኛው ቤት ይሠራል፣ ሌላው ከፀሐይ ምግብ ያበስላል። ተለያይተው አይኖሩም።"

"እንደኔና እንደ ኃይሌ በለኛ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ባልዋ ግን ደጅ ተቀምጦ ይሰማል። "ቤቱንስ ሠርቷል፣ አልዋሽም። ዘንድሮ ግን ሰንፏል። ጎተራው ከአምና በምን ያህል እንደ ጎደለ ብታይ! እኔ ቅጠል ተሸክሜ ከተማ ስወርድ እሱ ማሳው ላይ ይተኛል መሰለኝ።"

ኃይለ መስቀል ፈገግ አለ እንጂ አልመለሰላትም።

የዚያኑ ቀን ነጅመዲን ከታች በጎረቤታቸው በከበበ ማሳ ውስጥ፣ ድንጋይ ከድንጋይ በማይለይበት ረባዳ ላይ፣ ዕድሜውን ሙሉ አይቶት የማያውቀው ሽበት አገኘ። ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ጥቁር፣ እንደ ሙዳይ ስፌት ክብ በክብ የተዞረ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ቢያገላብጥ አጣው፤ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብሎ መዘገበው። ግራ ያጋባው ግን የስሙ አለመገኘት ብቻ አልነበረም። ሽበቱ ግማሽ ነበር። በቢላ እንደ ተከፈለ ድፎ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ለኃይለ መስቀል ሲያሳየው ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ብዙ አየና፣

"ግማሹን ለሌላ ሰጥቶ ይሆናላ" አለ።

ሁለቱም ሳቁ። ነጅመዲን በመዝገቡ ላይ "ግማሽ፤ ምክንያቱ አልታወቀም" ብሎ ጻፈ።

ኃይለ መስቀል ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ሞተ። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም እንደ ጠባ፣ ከበበ በለጡን ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ከሰሳት።

ከበበ ክፉ ሰው አልነበረም። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ያቺን ቁራሽ መሬት ተመርቶ አንድ ክረምት ብቻ እንዳረሳት በሚሊሺያ ዘመተ። ሚስቱን አስካለችን ከአራት ልጆች ጋር ትቶ ነበር፤ ማሳውን የማኅበሩ ሰዎች በኃይለ መስቀል መሪነት አረሱላት። ከኦጋዴን በሁለተኛው ዓመት አንድ እግሩን እየጎተተ ሲመለስ ሜዳው ሁሉ ተለዋውጦ ቆየው። ድንበሩ ላይ የነበረው ኮሶ ተቆርጦ ግንዱ እንኳ ለማገዶ ተነቅሏል። የድንበሩ ድንጋይ ግን እሱ ትቶት በሄደበት ቦታ እንዳልሆነ በልቡ ቁርጥ አድርጎ ያውቃል። ኃይለ መስቀል በሕይወት ሳለ ልጆቹን ያበላለትን ሽማግሌ በሌብነት መጠየቅ አፈረ። ሽማግሌው ከሞተ በኋላ ነገሩ ሆዱ ውስጥ ሲብላላ፣ ሲብላላ ገነፈለ።

"ድንጋዩ ወደ እኔ ተገፍቷል" አለ ሸንጎው ፊት። "መሬቴ ተበልቷል።"

ሸንጎው ለእሱ ከፈረደ፣ ተገፋ የተባለው ከማሳዋ ተቆርሶ በለጡ የሚቀራት ጓሮዋ ብቻ ነው። የሚታረስ መሬት የሌላት፣ ልጅ የሌላት፣ ዓይንዋ የደከመ ባልቴት የራጉኤል ደጀ ሰላም ላይ እጅዋን ከመዘርጋት በቀር ምን ትሆናለች? ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም አቀርቅሯል።

"የድንጋይ ዕድሜ የሚያውቀው ሰውዬ ይጠየቅ" አለ ከበበ።

በለጡ ፊትዋ በራ። "ነጅሙ? ነጅሙ ከመጣማ ሌላ ምስክር አልፈልግም! ባሌ የሰው መሬት ሊገፋ? ይመልከትና ይናገር!"

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ነጅመዲን እንደ ልማዱ ሲወጣ ሸንጎው ተሰብስቦ ጠበቀው። ያንን ድንጋይ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ቀርቦ አይቶት አያውቅም፤ መሮና መዶሻ ይዞ የሰው ድንበር ድንጋይ አጠገብ መቆም ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ ሰው ያን ያህል ዓመት እንጦጦ ላይ በሰላም አይመላለስም።

ሊቀ መንበሩ ወልደ ኢየሱስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጓድ ነጅመዲን፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። ያየኸውን ብቻ ንገረን።"

ነጅመዲን ተንበረከከና መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቀነ።  ሽበት አፈር ውስጥ አይበቅልም፤ እዚህ ግን በአንድ በኩል አሮጌው ሽበት አፈር ውስጥ ሰምጦ ገብቷል። በሌላው በኩል ድሮ አፈር ውስጥ የነበረ ስንዝር የሚያህል ራቁት ድንጋይ ወደ ላይ ወጥቷል፤ በእሱም ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ለጋ ሽበቶች ፈንጠር ፈንጠር ብለዋል። ለካቸው። ደግሞ ለካቸው። ምነው ባልመጣሁ አለ በልቡ። ቀና ሲል በለጡ ፈገግ ብላ እየጠበቀችው ነው፤ እጅዋ ላይ ለእሱ ያመጣችው ቆሎ በጨርቅ ተቋጥሯል።

አልተነቀለም ቢል ማን ያውቅበታል? ከእሱ በቀር ሽበት የሚያነብ ሰው በዚያ ተራራ ላይ የለም። አንዲት ቃል ናት። ግን ያቺን ቃል ከአፉ ማውጣት አቃተው።

"ድንጋዩ ተነቅሎ እንደገና ተተክሏል" አለ። "ስድስት ዓመት ይሆነዋል።"

"አላልኳችሁም!" ብሎ ጮኸ ከበበ። "እኔ በዘመትኩበት ዓመት!"

በለጡ አልጮኸችም። "ነጅሙ" አለች ቀስ ብላ፤ "ምን አድርጌህ ነው?"

ነጅመዲን በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት የተጠላ ሆኖ ተሰምቶት አያውቅም፤ የጠላውም ራሱን ነበር። ወልደ ኢየሱስ ከጓዶቹ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጠመ። ፍርዱ ሊነገር ነው።

"ቆዩ!" አለ ነጅመዲን። "ጨርሼ አላየሁም። መነቀሉን ነው የተናገርኩት፤ ከየት እንደተነቀለ ገና አላወቅሁም።"

ወደ በለጡ ቤት በሚያየው ገጽ በኩል ዞሮ፣ ድንጋዩ ሥር የበቀለውን ሣር በሁለት እጁ ገለጠ። ከሣሩ ሥር ቢጫ ነገር ነበር፤ ጠርዙ ጥቁር፣ ክብ በክብ የተዞረ። ግማሽ። በቢላ እንደ ተከፈለ ድፎ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ።

ስስ ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ ሽበቱ ላይ ለጠፈና ክቦቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ገለበጠ። ከዚያ ለማንም ምንም ሳይል ቁልቁል ወደ ከበበ ማሳ ሮጠ። ሸንጎው ተከተለው። ከድንበሩ ድንጋይ ሃያ ሦስት እርምጃ ወደ ከበበ ማሳ ውስጥ ዘልቆ፣ ያቺ ከመሬት እምብዛም ከፍ የማትል የቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድንጋይ ዘንድ ደረሰ። ወረቀቱን በቆረጣው መስመር ላይ አጥፎ ከግማሹ ሽበት ጋር ገጠመው። ክቡ ከክቡ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ገጠመ።

"ይሄ አንድ ሽበት ነው" አለ እያለከለከ። "በሁለቱ ድንጋዮች ላይ ተዘርግቶ ነበር። የድንበሩ ድንጋይ የቆመው እዚህ ነበር፤ ይቺን ተደግፎ።"

ወልደ ኢየሱስ ተንበርክኮ በመነጽሩ አየ። ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ድንጋዩ አሁን ወዳለበት ተመለከተ። "እንግዲህ ድንጋዩ የሄደው..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሁሉም በዓይኑ ለካው። ድንጋዩ የሄደው ወደ በለጡ ቤት ነው። የተቆረሰው የኃይለ መስቀል መሬት ነው፤ የተጨመረለት ከበበ ነው።

 ከበበ በጤናማ እግሩ ተደግፎ ቀስ ብሎ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ጅጅጋ እያለሁ አስካለች ደብዳቤ አስጽፋልኝ ነበር" አለ ለማንም ሳይሆን። "'ስለ ልጆቹ አታስብ፤ ዘንድሮ ገብሱ ካምናው በዝቷል፣ እግዜር አልረሳንም' የሚል። ሌሊቱን ሙሉ እግዜርን ሳመሰግን አደርኩ።" ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። "ሽማግሌውን አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩትም።"

ወልደ ኢየሱስ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ካለ በኋላ ድንጋዩ ወደ ጥንት ቦታው ይመለስ እንደሆነ በለጡን ጠየቃት።

"ኃይሌ የተከለውን እኔ ልነቅል?" አለች። "ልጆቹ ገና አልጎረመሱም። ይቀመጥ።"

ሰው ሲበተን ነጅመዲን እጅዋን ይዞ ዳገቱን አወጣት። ከድንበሩ ድንጋይ ዘንድ ሲደርሱ ቆመች፤ አጎንብሳ ሣሩን ገለጠችና ዓይንዋ ስላልደረሰላት ቢጫውን ሽበት በጣትዋ ዳበሰችው።

"ሰንፏል ብዬህ ነበር፤ ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ እማማ።"

"ለአንተ ብቻ መሰለህ? ጎተራውን በከፈትኩ ቁጥር ለእሱም ነበር የምለው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እስኪሞት ድረስ።" ነጠላዋን ወደ ዓይንዋ ወሰደች። "አንድ ቀን እንኳ ቢመልስልኝ ምን ነበረበት?"