የክንዱ እንቅልፍ

ሽታዬ ለክንዱ ስትዳር ስለ ባሏ ያልተነገራት ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ሹፌር ነው፣ እጁ ሰፊ ነው፣ አይቆጣም፣ እናቱን ይወዳል ብለዋታል። ማንኮራፋቱን ግን ያነሣ የለም። አንደኛው ሚዜ ብቻ በሠርጉ ማግስት እየሣቀ «እንግዲህ ጆሮሽን እግዜር ይጠብቅልሽ» አላት። የሚዜ ወግ መስሏት አብራ ሣቀች።

ቤታቸው ጎንደር አውቶ ፓርኮ ሰፈር፣ ጣሊያን ለሠራተኞቹ ሠርቶት ከሄደው የቆርቆሮ መደዳ ቤት አንዷ ክፍል ነበረች። ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ክንዱ የሚነዳው ግን አሁንም የጣሊያን ማኪና ነበር፤ የእህል ነጋዴው የአቶ ፋንታሁን አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት ማኪና። ከኮላ ድባ ጤፍና ሽምብራ ጭኖ በአዘዞ በኩል ጎንደር ያወጣል፤ ሲመለስ ጨውና አቡጀዲ ይዞ ይወርዳል። ትልቅ ሰው ነበር። አንገቱ ትከሻው ውስጥ የሰመጠ፣ በበር ሲገባ ብርሃኑን የሚጋርድ፣ ሲናገር ግን ድምፁ ለስለስ ያለ።

ሲተኛ ያ ለስላሳ ድምፅ ሌላ ይሆናል። ግድግዳው ስስ ስለነበር መደዳው ሁሉ ይሰማዋል። የቤቱ ባለቤት እመት አመተ ሥላሴ ጠዋት ውኃ ሲቀዱ ሲያገኙት «ምነው ክንዱ፣ ማኪናዋን ከቤት አስገብተህ ታሳድራታለህ እንዴ?» ይሉታል። ክንዱም «ብርድ ይመታታል ብዬ ነው፣ እመት» ብሎ ያስቃቸዋል። ኋላ ግን በቀኝ በኩል የነበረው ተከራይ ልብስ ሰፊ መተኛት አልቻልሁም ብሎ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እመት አመተ ሥላሴ መቀለዱን ተዉት።

ሽታዬ ድምፁን ለመደችው። ወፍጮ አጠገብ እንዳደገች ልጅ ሆነች። ያልለመደችው በመካከል የሚመጣውን ዝምታ ነው። ማንኮራፋቱ እየወጣ እየወጣ ሄዶ በድንገት ገመድ እንደተቆረጠ ቀጥ ይላል። ደረቱ ይታገላል፤ ትንፋሽ ግን አይገባም። በኩራዙ ብርሃን ስታየው ከንፈሩ ጠቁሯል። ከዚያ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው በኃይል ስቦ ይነቃል፤ ግን በቅጡ ሳይነቃ እንደገና ይጀምራል። ጠዋት ብትነግረው አያውቀውም።

«ሞተህ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ማን ነው የሚያናግርሽ?» ይላትና ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ይቀመጣል፤ ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል።

ትከሻውን ገፍታ ወደ ጎኑ ስታዞረው ትንፋሹ እንደሚመለስ ደረሰችበት። ከዚያ ወዲያ እሷ ተኛች ማለት አይቻልም። እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ታሸልባለች፤ ዝም ሲል ትነቃለች፤ ትገፋዋለች። ቀን ቀን እሱ መንገድ ሲሄድ ጥቂት ትጋደማለች። ሰው «ምነው ከሳሽ?» ሲላት በሥራ ታሳብባለች። ባሌ ያንኮራፋል ብሎ የሚያለቅስ ሰው መሣቂያ ነው የሚሆነው።

እሱም እሷ ነቅታ ያደረችውን ያህል ቀን ይተኛ ጀመር። ጉርሻ በእጁ እንደያዘ ያንቀላፋል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያውን ተደግፎ እንደቆመ ይወስደዋል። አንድ ቀን ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው፣ ሟች ገና ሳይነሣ፣ ከድንኳኑ ጥግ ማንኮራፋት ተሰማ። አልቃሾቹ ዝም አሉ። ሽታዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ ነው እየጎተተች ሆስፒታል የወሰደችው። ፈረንጁ ሐኪም ጉሮሮውን በመብራት አየ፤ አንገቱን ዳሰሰ፤ ብዙ ጠየቃት። አስተርጓሚው ሲመልስላቸው እንዲህ አለ፦ «ሲተኛ ጉሮሮው ይዘጋል ነው የሚለው። ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት የለውም። ሰውነቱን ይቀንስ፣ መጠጥ አይቅመስ፣ በጀርባው አይተኛ።»

ሐኪሙ እንደገና ጠየቀ። «ትንፋሹ ሲቆም ማነው የሚቀሰቅሰው?»

«እኔ ነኛ» አለች ሽታዬ።

ሐኪሙ አተኩሮ አያትና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ክንዱ ጫማውን እስኪያስር ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስካሁን ያቆየሽው አንቺ ነሽ ይላል» አላት። ይህን ለክንዱ አልነገረችውም።

ከአሮጌ ነጠላ ጠንከር ያለ የጨርቅ ድቡልቡል ጠቅልላ በአንድ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ሰፋችበት። በጀርባው ሊንጋለል ሲል ይቆረቁረውና ወደ ጎኑ ይመለሳል። ጠላውንም ተወ። ጥቂት ወራት ሸጋ ሆኑ። ሽታዬ አረገዘች፤ ፊቷም ወዛ አለ።

ጥር ላይ እህሉ ከአውድማ ሲገባ ግን አቶ ፋንታሁን ምልልሱን አበዛው። ክንዱ ኮላ ድባ ጆንያ ላይ እያደረ፣ ሸሚዙን ቤት እየረሳ፣ ከጫኞቹ ጋር አረቄ ይቀምስ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ አዘዞ ሊደርስ ሲል ማኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ቦይ ውስጥ ተጋደመች። ሰው አልሞተም። መንገድ ዳር የቆመ የአንድ ገበሬ በሬ ግን ሞተ፤ ጤፉም አፈር ላይ ፈሰሰ።

አቶ ፋንታሁን ክፉ ሰው አልነበረም። ክንዱን ቢሮው ጠርቶ አስቀመጠው።

«አያ ፋንታሁን፣ ፀሐይ ዓይኔን መታኝ» አለ ክንዱ።

«ፀሐይዋ ከጀርባህ ነበረች እኮ፣ ልጄ።»

ክንዱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ተኝተህ ነበር። በሬው ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንተም እኔም የት ነበርን? ቁልፉን ስጠኝ። ከዚህ ነገር ስትድን ተመለስ፤ ቦታህን አልሰጥብህም።»

ክንዱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አይወጣም፤ እግሩን ዘርግቶ በር በሩን ያያል። ሽታዬ ሴት ልጅ የወለደችው በዚያ ሰሞን ነው። ልጂቱን ታቅፎ «ይመኙሽ ትባል» አለ፤ በዚያ ወር ፈገግ ሲል ያየችው ይህን ሲል ብቻ ነው።

እናቱ እመት ወለተሩፋኤል አራሷን ሊጠይቁ ከወገራ ወረዱ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ጾም የሚያበዙ ሴት ነበሩ። የመጀመሪያውን ሌሊት ልጃቸው ሲታነቅ ሰምተው ቁጭ ብለው አነጉ። ጠዋት ያን ሸሚዝ አንሥተው ድቡልቡሉን ዳሰሱት።

«ይኼ ምንድን ነው? ልጄን እንደ አህያ ጭነሽ ነው የምታሳድሪው?»

«በጀርባው እንዳይተኛ ነው፣ እማዬ። ሐኪሙ ነው ያለው።»

«ሐኪም ምን ያውቃል! አንገቱን አንቆ የሚያድር አለ። ለዚህ ጠበል እንጂ ጨርቅ አይሆነውም።»

ሽታዬ በጠበል አትጠራጠርም። እሷም ብትሆን ሐኪሙ መድኃኒት የለኝም ካለ ወዲህ በልቧ ስለት ተስላ ነበር። የከበዳት አብራ መሄድ አለመቻሏ ነው። አራስ ናት፤ የሴት ልጅ እናት ሰማንያው ቀን ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን አጸድ አትረግጥም። ክንዱ ግን «እሄዳለሁ» አለ። «ልጅ ወልጄ እንደ ሴት ቤት ተቀምጬ አልኖርም። ልዳንና ቁልፌን ልቀበል።»

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ገደል ሥር ወደሚፈልቀው የሚካኤል ጠበል ሊሄዱ ስንቅ ተሰናዳ። ሽታዬ ሸሚዙን አጥፋ አገልግል ሥር አኖረችው። ክንዱ አውጥቶ አልጋው ላይ መለሰው።

«ጠበልተኛ ሁሉ ባንድ ዳስ ነው የሚያድር። በሰው ፊት ይኼን ለብሼ አልተኛም።»

«ክንዱ፣ ስለ ልጅህ ብለህ!»

«ተይኝ አልሁሽ፣ ሽታዬ። መሣቂያነቱ በቃኝ።»

እንዲህ ተቆጥቷት አያውቅም ነበር። ወደ አማቷ ዞረች። «እማዬ፣ ጠበሉ ይሁን። ግን ትንፋሹ ቀጥ ሲል ይቀስቅሱት። ትከሻውን ይዘው ወደ ጎኑ ይግፉት። አይተዉት፤ ዝም ሲል ነው ክፉው።»

«የወለድሁትን ልጅ አያያዝ አታስተምሪኝ» አሉ እመት ወለተሩፋኤል። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን መለስ ብለው «እሺ፣ አልተኛም» አሏት።

ሽታዬ ከበሩ መለስ ብላ ሲሄዱ አየቻቸው። ክንዱ አገልግሉን አንጠልጥሎ ከፊት፣ እናቱ ከኋላ። መታጠፊያው ላይ ዞሮ እጁን አነሣ።

ሱባኤው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት እመት አመተ ሥላሴ ሳያንኳኩ ገቡ። ፊታቸው ጥቁር ነጠላ ለብሷል ብትል ይቀላል። መጀመሪያ ሕፃኗን ከእቅፏ ወሰዱ። ያኔ ገባት። ከኋላቸው እመት ወለተሩፋኤል በሁለት ዘመድ ተደግፈው ቆመው ነበር፤ መቀነታቸውን ደረታቸው ላይ ታጥቀዋል፤ ፀጉራቸው ተላጭቷል።

ለቅሶው እንደ ለቅሶ ሆነ። ክንዱ እዚያው ጠበሉ አጠገብ ተቀብሯል፤ ሽታዬ አፈር ሲለብስ አላየችም። ሰው ቀነስ ሲል አማቷ እንደ መነኩሲት ኩርምት ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ነገሩን አወጡት።

«እንዳልሽኝ ቁጭ ብዬ ነበር የማድረው። ዝም ሲል እገፋዋለሁ፤ ይመለሳል። እገፋዋለሁ፤ ይመለሳል። ጠበልተኛው ያጉረመርም ነበር፤ አፍሮ ደጅ ላይ ሊተኛ ሲል እኔ ነኝ የከለከልሁት። በመጨረሻው ሌሊት በጀርባው ተኝቶ ነበር። ማንኮራፋቱ ቀረ። ጆሮዬን ጣልሁ፤ የለም። ዳሱ ሁሉ ጸጥ አለ።»

መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ሚካኤል ሰማኝ አልሁ። ያነቀው ለቀቀው አልሁ። ስንት ቀን ያልተኛ ልጄ ተኛ ብዬ በልቤ እልል አልሁ። ጋቢውን ሳብ አድርጌ አለበስሁት። ከዚያ እኔም ተኛሁ።»

ሽታዬ አልጮኸችም። ሕፃኗን ጡት አጉርሳ መሬት መሬት ስታይ ቆየች።

እመት ወለተሩፋኤል ወደ ወገራ አልተመለሱም፤ ሽታዬም ሂዱ አላለቻቸውም። ሁለቱ ሴቶች በዚያች ክፍል አብረው ይኖሩ ጀመር። ቤቱ አሁን ጸጥ ያለ ነው፤ በቀኙ በኩል አዲስ ተከራይ ገባ። ሽታዬ ግን ጸጥታው አላስተኛትም። በየጊዜው እየባነነች እጇ ትከሻ ይፈልጋል፤ ባዶ አልጋ ያገኛል። ተነሥታ የሕፃኗን ትንፋሽ ታዳምጣለች። አንዳንዴ የአማቷንም ታዳምጣለች። እሳቸውም ዓይናቸውን ገልጠው እንደተጋደሙ ታገኛቸዋለች።

ይመኙሽ ክርስትና ከተነሣች በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ደጅ ላይ የልጅ ጨርቅ እያሰጡ ሳለ፣ አማቷ እጃቸውን ገመዱ ላይ እንዳኖሩ ቆሙ።

«ሽታዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ጊዜ ብቀሰቅሰው ይነሣ ነበር?»

ሽታዬ ይህን ጥያቄ ከለቅሶው ጀምራ ስትጠብቀው ነበር። መልሱም በአፏ ውስጥ ነበር፤ የሐኪሙም ቃል ነበራት። ብዙ ቀን በልቧ ተናግራዋለች፤ በተናገረችው ቁጥር ትንሽ ቀለል ይላት ነበር። አሁን ግን የአሮጊቷን የተላጨ ራስ፣ እርጥብ ጨርቅ የያዙ እጆቻቸውን አየች።

«እኔ እንጃ፣ እማዬ» አለች። «እኔንም አንድ ቀን እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር።»

«አንቺን ግን አልጣለሽም» አሉ እመት ወለተሩፋኤል። ጨርቁን አስጥተው ጨረሱና ገቡ።

በሳምንቱ ዕቃቸውን ቋጥረው ተነሡ። ሽታዬ ለመነቻቸው፤ ልጂቱን አሳየቻቸው፤ ሳሟትና ሄዱ። ብዙ ሳይቆይ ከጠበሉ አጠገብ ቆብ መድፋታቸው ተሰማ። ከዚያ የሚመጡ ሰዎች አንዲት አስቸጋሪ መነኩሲት አለች ይላሉ። ሌሊት ዱላ ተመርኩዛ ዳሱን ትዞራለች፤ ያንኮራፋ ሰው ካለ ከራስጌው ትቀመጣለች፤ ዝም ካለ ትነቀንቀዋለች። በሽተኛው ይራገማል፤ አስታማሚው ለደብሩ አለቃ ይከሳል። አለቃው ሊከለክሏት ሞክረው ነበር፤ አልሆነላቸውም።

ሽታዬ ኑሮዋን እመት አመተ ሥላሴ ደጅ ጠላ እየሸጠች ገፋች። ሌላ ባል መጥቶላት ነበር፤ ጸጥ ብሎ የሚተኛ ሰው ነው አሏት፤ አልፈለገችም። ይመኙሽ እግር ተክላ መሮጥ ስትጀምር በኅዳር ሚካኤል ይዛት ወደ ወገራ ወጣች። የክንዱን መቃብር አየች፤ ሣር ለብሶ ከሌላው አይለይም። እማሆይ ወለተሩፋኤል ጎብጠዋል። ልጂቱን አገላብጠው አዩዋትና «አንገቷ የሱ ነው» አሉ።

ማታ በጎጇቸው አደሩ። ይመኙሽ መንገዱ አድክሟት ቶሎ ተኛች። ሽታዬ ብርድ ብርድ ብሏት ስትነቃ፣ አማቷ በጨለማው ተቀምጠው እጃቸውን በልጂቱ ደረት ላይ አኑረው አየች። የልጂቱ ትንፋሽ ቀጥ ያለ፣ ቀላል ነበር።

«ምነው አይተኙም፣ እማዬ?»

«ተኚ አንቺ» አሉ አሮጊቷ። «ደክሞሻል። እኔ አለሁ።»

ሽታዬ እሺ አለችና ጋቢዋን ስባ ጋደም አለች። ግን አልተኛችም። እስኪነጋ ድረስ ሁለቱም ዓይናቸውን እንደገለጡ የልጂቱን ትንፋሽ ሲያዳምጡ አደሩ።